ዱአ ያልተደረገለት ምድጃ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈሬ ስመለስ ፊቴ ጠቁሮ፣ አፍንጫዬ ተልጦ ያየኝ ሰው ሁሉ «ባህር ዳርቻ ተዝናንታ መጣች» አለ። ይበል። አስር ቀን ሙሉ ቤቴን ዘግቼ የጠፋሁት ለመዝናናት አልነበረም። የሄድኩት ልጄን ላመጣ ነው። አላመጣኋትም። ለምን እንዳላመጣኋት በየሰው ደጅ እየቆምኩ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው ደብተር የገዛሁት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጄ ከቤት የወጣችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዕለተ ሰኞ ነው። እኔ ገበያ ላይ ሽንኩርት ዘርግቼ ስሸጥ እሷ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች። የሄደችው ወደ ዓረብ አገር ነው፣ በባህር። እኛ ዘንድ ይሄን መንገድ የማያውቅ ቤት የለም። ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖር የአክስቴ ጎረቤት ልጇ በጀልባ ስትሻገር ቀርታባታለች። ሬሳ ሳይመጣ ሰደቃ ሲወጣላት እኔም ለቅሶው ላይ ነበርኩ። እናትየዋ የልጅቷን ሻርፕ ጭኗ ላይ አድርጋ ስትዳብስ ዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ባህር ሲወራ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እሄዳለሁ። የኔዋ ደግሞ በዚያው መንገድ ሄደች።

አስራ አንድ ቀን ስልኳ ዝግ ነበር። በአስራ ሁለተኛው ቀን ደወለች። አልተሻገርኩም አለችኝ። ከጅቡቲ ማዶ ባለች ደሴት ላይ ነኝ፣ አንዲት አሮጊት ዘንድ ዓሣ ሊበሉ ለሚመጡ እንግዶች ሰሃን አጥባለሁ አለች። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ደሴት ማለት ግን ዙሪያው በሙሉ ባህር እንደሆነ ሰው ሲነግረኝ ፍርሃቴ ተመልሶ መጣ። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር እደውልላት ነበር። እዚህ ደሴ ሲነፍስ ማለቴ ነው፤ እዚያ ይንፈስ አይንፈስ በምን አውቄ።

ስለ ዱአ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። በኛ በወሎዎች ዘንድ ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ፣ ሱቅ ሲከፍት፣ አዲስ ቤት ውስጥ የመጀመሪያውን እሳት ሲያነድ፣ ወላጅ ወይም ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ዱአ ያደርግለታል። አጠገቡ የተቀመጡት አሚን ይላሉ። ያለዚያ የሚከለክለው ሰው የለም፤ ራሱ ግን እጁ አይሄድለትም። ልጄ ያለ ዱአ ነው የወጣችው። በሦስቱ ዓመት በስልክ እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም ላድርግልሽ አላልኳት። ተቀይሜያት ነበር።

ዘንድሮ ከአረፋ በኋላ ደውላ ጠየቀችኝ። አሮጊቷ ደክሟቸዋልና ማዕድ ቤቱን ለሷ ሊለቁላት ነው። የዕቃ ሳጥኑን ቁልፍ ሰጥተዋታል። «እማ፣ ነይና ዱአ አድርጊልኝ። አንቺ ሳትመጪ እሳት አልለኩስበትም» አለችኝ።

ይሄን ለባሌ ታላቅ ወንድም ነገርኳቸው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አዛዥ እሳቸው ናቸው። ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት፣ ጅቡቲ የሚመላለስ ከባድ መኪና ይነዳሉ። በዚያው ሰሞን ለልጄ ባል አግኝተውላት ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሰው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ለሰውየው ቃል ገብተውለታል። የልጄን ነገር ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አሉ። እንግዲያው ቀላል ነው አሉኝ። አንቺ ትሄጃለሽ፣ ዱአውን አታደርጊላትም፣ ያለ ዱአ ደግሞ እሷ አትጀምርም፤ አስከትለሻት ትመጫለሽ።

እሺ ጋሼ አልኳቸው። ይሄንን አልደብቅም። ከዚያ ውሃ መሃል ትውጣልኝ እንጂ ባሏ ቆርቆሮ ይሽጥ ጨው ይሽጥ ግድ አልነበረኝም።

ጓዜን ስሸክፍ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና ያሰራሁላትን ሁለት ሹራብ፣ ትንሽ ቅመምም ያዝኩ። ደሴ ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ እግራችን እስኪደነዝዝ ይበርደናል። ዙሪያዋን ውሃ የከበባት ልጅ እንዴት ትሆን ብዬ አሰብኩ። ጋሼ ኮምቦልቻ ላይ ጥቅሌን ወደ መኪናው ሲያወጡ ቆም አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ ነው።»

«ለማን?»

«ለልጅቷ ነዋ። ውሃ መሃል አይደለም እንዴ ያለችው?»

እስከ ባቲ ሳቁ። ሻይ ለመጠጣት በቆምንበት ሁሉ ለሾፌሮቹ አወሩ። ሚሌ ስንደርስ ሾፌሮቹ ባለ ብርድ ልብሷ ብለው ጠሩኝ፤ አንዱም ሙቀቱ ራሴ ላይ ሲወጣ አይቶ እንዳይበርድሽ ተከናነቢው አለኝ። እኔ ግን ትልቅ ውሃ ያለበት ቦታ ይሞቃል ቢሉኝ አላመንኩም። የሚቀልዱብኝ መሰለኝ።

ድንበሩን በጋላፊ በኩል በፓስፖርቴ አለፍኩ፤ ወደቡ ከተማ ስንደርስ ጭነት እስኪወጣላቸው አራት አምስት ቀን እንደሚቆዩ ነገሩኝና ጀልባ ወደሚቆምበት ወሰዱኝ። ባህር ያየሁት ያኔ ነው። ጋሼ ደግመው ነገሩኝ፦ «እጅሽን እንዳትዘረጊ። ብታለቅስም፣ ብትለምንሽም። የሷ ዕድል ያለው አንቺ እጅ ላይ ነው።» ይሄን ሲሉ ለኔም ለሷም አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም።

ጀልበኛው ጥርሳቸው የጠቆረ፣ የሸመገሉ ሰው ናቸው። አማርኛ የለመዱት ከኛ ሾፌሮች ነው። ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሱኝ። ይሄ ምን ያደርጋል ስላቸው ያንሳፍፋል አሉኝ። «ሰው ካልሰመጠ ለምን ይንሳፈፋል?» አልኳቸው። ሳቁና አብሽሪ እህቴ፣ ዓይንሽን ግለጪ፣ የሚያስመልሰው የጨፈነውን ነው አሉ። አልገለጥኩም። ሸሃዳዬን እየያዝኩ፣ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጬ ተጓዝኩ። እንዳሉትም አስመለሰኝ፣ እላያቸው ላይ።

ሞተሩ ሲጠፋ ዓይኔን ገለጥኩ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ደሴቷ ዝርግ ናት፤ ለፍየል እንኳ የሚበቃ ሣር የላትም። እንደ ሚሌ ያለ እሾሃማ ዛፍ እዚህም እዚያም ቆሟል። ቤቶቹ ከባህር ድንጋይ የተሠሩ፣ በኖራ የነጡ ናቸው፤ መንገዱ አሸዋ ነው፤ አንድ ትንሽ መስጊድ አለ፣ ካርቶን የሚበሉ ፍየሎች አሉ። የሚጠጣ ውሃ በቢጫ ጀሪካን ከማዶ ይመጣላቸዋል። በዚያ ሁሉ ውሃ መሃል ውሃ ሲጠብቁ ሳይ ገረመኝ።

ልጄ ልትቀበለኝ እስከ ጉልበቷ ባህሩ ውስጥ ገብታ ቆማለች። ጠቁራለች፤ ሰውነቷ ሞልቷል። ሦስት ዓመት ያላየኋትን ልጅ ሰላም ከማለቴ በፊት ከውሃው ውጪ አልኳት። አልወጣችም። በሁለት እጇ ብብቴ ሥር ይዛ እንደ ሕፃን አወረደችኝና አሸዋው ላይ አቆመችኝ። ከዚያ ጥቅሉን ፈታች። ብርድ ልብሱን ስታይ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን እሱው ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። እኔ ላብ አጥምቆኝ ቆሜ አየኋት።

ማዕድ ቤቱን የዚያኑ ቀን አሳየችኝ። አራት ምሰሶ፣ ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል፣ ፊቱ ወደ ባህር። ድስቶቹ ታጥበው ተደፍተዋል። ምድጃው ላይ ከሰል ተደርድሯል፣ ክብሪት አጠገቡ ተቀምጧል። አልተለኮሰም። ዓርብ ዓርብ ከወደቡ ከተማ እንግዳ ይመጣል፣ ቀዝቃዛ ምድጃ አይቶ ይመለሳል። ሁለት ዓርብ እንዲሁ አልፏል።

አሮጊቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ፣ ልጄ አስተረጎመችልኝ። ይሄ ሁሉ ዓሣ ሲያልፍ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሲራብ፣ ልጅሽ የእናቴ እጅ ይምጣ ትለኛለች፤ እብድ ናት ብዬ ነበር አሉ። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ይዘው ገለበጧቸው፣ መዳፌን አዩ። «እንደማንኛውም ሰው እጅ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ዱአውን ማድረግ ይቻል ነበር። ደክሞኛል አልኩ። በማግስቱ ባህሩ አዙሮኛል አልኩ። ልጄ አልጠየቀችኝም። ጠዋት እግሬን ታጥበኛለች፣ በሙቅ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲተኛ እሷም አጠገቤ ጋደም ትላለች፣ ሲቀዘቅዝ ባህሩ ዳር ታራምደኛለች። እኔ በየብሱ በኩል፣ እሷ በውሃው በኩል። ማዕበሉ ወደኛ ሲመጣ ቆም እላለሁ፣ ትጠብቀኛለች። ትንንሽ ሸርጣኖች ከፊታችን እየሮጡ ጉድጓዳቸው ሲገቡ እኔ እደነግጣለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ከወደቡ ደግሞ ጋሼ በየቀኑ ይደውላሉ፤ ሸከፈች ወይ ይሉኛል፤ እየሸከፈች ነው እላለሁ። ዋሸሁ። ሁለቱንም እየዋሸሁ ሁለት ቀን ቆየሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ስንራመድ ቆይተን የተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ያኔ ነው እንዴት እንደቀረሽ ንገሪኝ ያልኳት። በስልክ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ማዶ፣ በሌላኛው ዳርቻ፣ በእሾህ ዛፎቹ ሥር በሰልፍ አስቀምጠዋቸው ነበር። ሁለት ቀን ጀልባ ጠበቁ። ሲመጣ ደላላው ተነሱ አለ። ሁሉም ተነሱ። እሷም ተነሳች። እግሬ አልሄደም አለችኝ። ደላላው ምን ሆነሻል ብሎ ሲጮህባት፣ እናቴ ዱአ አላደረገችልኝም አለችው። ሰዎቹ ሳቁባት። እናትሽ ትምጣና ትሸከምሽ ያላት አለ። ደላላው ሰደባት፣ ጀልባው ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ተመልሳ ቁጭ አለች። ጀልባው እስኪጠፋ አየችው። አብረዋት ከነበሩት አንዷ ከሪያድ ትደውልላታለች። የቀሩት የት እንደደረሱ አታውቅም። ከዚያ በእግሯ ተመልሳ ወደቡ ከተማ ስትንከራተት አሮጊቷ አገኟትና ወደ ደሴቷ ወሰዷት።

እኔ አልሰማሁም ነበር እንጂ ያ ያላደረግኩላት ዱአ ነው ያስቀራት። እኔ እቤቴ ተቀይሜ ተቀምጬ።

«ትጠዪኛለሽ?» አልኳት።

«ለምን እጠላሻለሁ? ዱአሽ ስለሌለኝ ነው እዚህ ያለሁት። አሁን ሲኖረኝ ደግሞ ምን እንደምሆን ማየት እፈልጋለሁ።»

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። እውነቱን ነገርኳት። ዱአ ላደርግልሽ አልመጣሁም፣ እንዳላደርግልሽ ተልኬ ነው፤ ኮምቦልቻ ሰው ይጠብቅሻል አልኳት። በእጇ አሸዋ እያፈሰሰች ነበር፣ አላቆመችም።

«አውቃለሁ፣ እማ። አንቺ ሳትደርሺ አጎቴ ደውሎ ነግሮኛል። እናትሽ እጇን አትዘረጋም፣ ልብስሽን ሸክፊ ብሎኛል።»

ሦስት ቀን ሙሉ እያወቀች እግሬን ታጥበኝ ነበር። እያወቀች ዓሣውን አጥንቱን ለቅማ ታጎርሰኝ ነበር። አንድ ቃል ሳትተነፍስ።

ተናደድኩ። በሷ አይደለም። ዱአ እኔ የማውቀው ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ነው። እነ ጋሼ ግን አንገቷ ላይ የሚገባ ገመድ አደረጉት፤ ጫፉን ደግሞ ለእኔ አስይዘው ላኩኝ። እኔም ይዤ መጣሁ፤ ያን ሁሉ መንገድ፣ ባህር ተሻግሬ ጭምር። ልጅቷ ዱአዬን ያን ያህል ባታከብረው ኖሮ ማንም ሊይዛት አይችልም ነበር። የያዟት በአክብሮቷ ነው። ይሄ ነገር እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ነገ ጠዋት አልኳት። ሰዎች ጥሪ።

ዓርብ ጠዋት ማዕድ ቤቱ ውስጥ ሰሌን አነጠፈች። አሮጊቷ መጡ፣ ጀልበኛው መጡ፣ ከጎረቤት ሁለት ሴቶች መጡ። ቋንቋዬን ከጀልበኛው በቀር የሚሰማ የለም፤ አሚን ማለትን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ፊቴን ወደ ቂብላ አዞርኩና እጄን ዘረጋሁ። ጋሼ ከኋላዬ የቆሙ መሰለኝ፣ ባህሩ ደግሞ ከፊቴ ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምፈራ አላውቅም ነበር።

ያ ረቢ፣ ይሄን እሳት የበረካ አድርገው አልኩ። አሚን አሉ። የመጣ ጠግቦ ይሂድ፣ የሄደ በሰላም ይግባ አልኩ። አሚን። እጇን ከቃጠሎ፣ ስሟን ከሐሜት ጠብቅ። አሚን። ባህሩን ከሷ አርቅላት አልኩ።

ጀልበኛው አሚን አላሉም። «እህቴ፣ ባህሩን አታርቂብን፤ ዓሣው የት ሊገባ ነው?» አሉ።

ልጄ አፏን በሻርፗ ያዘች። አሮጊቷ ምን አለ ብለው ጠየቁ፣ ተነገራቸው፣ እሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን ልክ ናቸው። የፈራሁትን ነገር ሁሉ ከሷ ላርቅላት ብል ልጅቷ ባዶዋን ልትቀር ነው። «እንግዲያው ባህሩን ባለበት አብርድላት» አልኩ። አሚን አሉ፣ ጀልበኛው ከሁሉም ጎላ አድርገው። ፊታችንን አበስን። ልጄ ክብሪቱን ጫረች። ንፋስ አጠፋባት፣ እንደገና ጫረች። ከሰሉ ያዘ።

እኩለ ቀን ላይ እንግዶች መጡ። እስከ አስር ሰዓት ዓሣ ስትጠብስ፣ ስታቀርብ፣ በሦስት ቋንቋ ስትሟገት አየኋት። አንዱ እንግዳ ቅመሙ በዛ ሲላት፣ እናቴ ከደሴ ድረስ ተሸክማ ነው ያመጣችልህ አለችው። እኔ ቂጣውን እቆርስላት ነበር። እኔም ባዶ እጄን እንዳልቀመጥ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ተሻገርኩ። ስመለስም ፈራሁ፤ ፈርቼም ተሻገርኩ። ጋሼ መኪናቸው ተጭኖ ቆመው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ያዩት ከኋላዬ ነው።

«የታለች?»

«ሥራ ላይ ናት።»

«እጅሽን ዘረጋሽ?»

«ዘረጋሁ፣ ጋሼ።»

ፊታቸው ተለወጠ። ያልኩሽን ረስተሽው ነው አሉኝ። አልረሳሁም አልኳቸው። ለሰውየው ምን ልበለው፣ ቃሌን ምን ላድርገው አሉ። እናቷ ዱአ አደረገችላት ይበሉት አልኩ። ከዚያ እንደ ሕፃን ነገር አነሱ፤ እዚሁ እጅሽን ዘርጊና ዱአውን አንሺው፣ አልፈቅድም በይ አሉ። ሌሎች ሾፌሮች እየሰሙ ነው።

«የወጣውን እርስዎ ከቻሉ ያውርዱት» አልኳቸው።

እስከ ኮምቦልቻ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። በሁለት ቀን መንገድ። ሻይ ሲጠጡ የኔን ሻይ አዘው ያስቀምጡልኛል፣ ፊታቸውን ግን ያዞራሉ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁሌ ቤታቸው ገብቼ እህል ሳልቀምስ አልሄድም ነበር፤ ያን ቀን መናኸሪያው በር ላይ አውርደውኝ ሄዱ። በሚኒባስ የሐረጎን አቀበት ወጣሁ። ደሴ ዝናብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተባለ። ልጇን ለባህር ሰጠች ተባለ። ወንድ በሌለበት ቤት እንዲህ ነው ተባለ። አንዷ ጎረቤቴ፣ አንቺ እናት ነሽ፣ እንዴት አስችሎሽ ትተሻት መጣሽ አለችኝ። አላስቻለኝም። ማን አስችሎኛል አለ? ጀልባው በየቀኑ ነው የሚሻገረው፣ ውሃው እንዳለ ነው፣ ልጄም ዋና የምትችለው ትንሽ ነው። ጠዋት ዱቄቷንና ውሃዋን ልታወርድ እስከ ጉልበቷ እንደምትገባ አውቃለሁ። ስልኩ ዘግይቶ ሲነሳ ሚዛኑን ጥዬ እነሳለሁ። መፍራቴን ማንም አያስተወኝም፤ በፍርሃቴ ግን ከእንግዲህ ማንም ልጄን አይጎትትበትም።

ለሰውየው ሌላ ሚስት ተገኘችለት፤ ይስማሙ። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ከስንት ጊዜ በኋላ ደወሉ። ሰላምታ አሳጠሩና አሁንም ዱአ ታደርጊላታለሽ ወይ አሉኝ።

«በየጁምአው» አልኳቸው።

ከዚያ ሥራዋ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ደውለው ራሷን ይጠይቋት አልኩና ቁጥሯን ነገርኳቸው።